ደመወዝ የሌላት ወር

እማዬ ገንዘብ ታስቀምጥባት የነበረችው ጣሳ አሁን እኔ ቤት ናት። የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረች። ሥዕሏ ተፋፍቆ ጠፍቷል፤ አፏ ዙሪያውን ዝጓል፤ ክዳኗ በማንኪያ እጀታ ካልተፈለቀቀ አይከፈትም። እኛ ቤት ይህች ጣሳ ስም ነበራት፤ «ጳጉሜ» እንላት ነበር። ስሙን ያወጣችላት እማዬ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ደመወዙ 285 ብር ሲሆን፣ ጡረታው፣ ግብሩና መዋጮው ተቆራርጦ እጁ ላይ የሚደርሰው 240 ብር ገደማ ነበር። በዚህች ገንዘብ ሰባት ነፍስ ይተዳደርባታል፦ አባዬ፣ እማዬ፣ አራት ልጆችና የአባዬ እናት። የነሐሴን ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ከተቀበለ በኋላ ቀጣዩን የሚያየው መስከረም ሲያልቅ ነው። በመሐል ጳጉሜ አለች። አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ደግሞ ስድስት ቀን። ሰው ይሠራባታል፣ ይበላባታል፣ ይታመምባታል፤ ደመወዝ ግን አይከፈልባትም። ሌላ ጊዜ 30 ቀን የምታደርሰው ብር ያኔ 35፣ አንዳንዴም 36 ቀን ማድረስ አለባት። የእንቁጣጣሽ ዶሮና ቅቤ፣ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርምም ተሰልፈው የሚጠብቁት እዚያው ላይ ነው።

«ጳጉሜ በየዓመቱ ትመጣለች፤ ደመወዝ ይዛ ግን አትመጣም» ትል ነበር እማዬ። «ችግርም እንደሷ ነው። መምጣቱን ታውቂያለሽ፤ የሚከፍልልሽ ግን የለም።»

ስለዚህ ድንገት ለሚመጣ ወጪ የምታስቀምጣትን ገንዘብ «የጳጉሜ ብር» አለቻት፤ ጣሳዋም በዚያው ስሟን ወረሰች።

የደመወዝ ማታ ቤታችን ጸጥ ይል ነበር። አባዬ ካፖርቱን ሳያወልቅ ፖስታውን ለእማዬ ይሰጣታል። እሷ እጇን ታጥባ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ ታነጥፍና ብሩን በየፈርጁ ትደረድራለች። የጤፍና የወፍጮ፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ፣ የከሰልና የላምባ፣ የኅብረት ሱቁ ስኳርና ዘይት፣ የእቁብ፣ የእድር፣ የአባዬ የኪስ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንዲት ቀይ አሥር ብር ታነሣለች። ያን ጊዜ አሥር ብሩ ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት ነበረች። እማዬ ያቺን ብር በመዳፏ ደልድላ፣ በአራት አጥፋ ጣሳዋ ውስጥ ትከታትና ክዳኑን ትጫነዋለች። ቋ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ድርደራ የሚጀመረው።

አንድ ማታ አባዬ «መጀመሪያ ሌላው ይሟላና የተረፈውን አስቀምጪ» አላት።

«የተረፈ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም» አለችው። «አንተ አይተህ ታውቃለህ?»

አባዬ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ይህን ጥያቄ ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም።

እቁብም እድርም ነበራት። የሠፈሩ ሴቶች በየወሩ አምስት አምስት ብር የሚጥሉበት እቁብ ነበራቸው። ዕቃ የገባበት የቤታችን ታሪክ በሙሉ የዚያ እቁብ ታሪክ ነው፤ ቁም ሳጥኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ ትልቁ ብረት ድስት። እቁብ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ዕጣው መቼ እንደሚደርስሽ አታውቂም። የቸገረው ሰው ለዳኛዋ አመልክቶ፣ ወይም የደረሰውን ለምኖ ተራ ሊቀያየር ይችላል፤ ይህ ግን ችግርን አደባባይ ማውጣት ነው። እድሩ ደግሞ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ሐዘንተኛ ያስተዛዝናል። በዚህ የሚስተካከለው የለም። እማዬ ስለሁለቱ ስትናገር ዓይነታቸውን እንዲህ ትለይ ነበር፦ «እቁብ ለዕቃ ነው፣ እድር ለሞት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ጣራው ሲያፈስበት ማን ይደርስለታል?»

ባንክስ? አባዬ የቁጠባ ደብተር ነበረው፤ ባንክ ወለድ እንደሚከፍልም ያስረዳት ነበር። መልሷ አጭር ነበር። «ልጅ የሚታመመው ሌሊት ነው፤ ባንክ የሚከፈተው ጠዋት ነው።»

እውነቷን ነበር። ታናሽ ወንድሜ የ3 ዓመት ልጅ ሳለ አንድ ማታ ትኩሳቱ አናቱ ላይ ወጣ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ሰዓት እላፊው ሊደርስ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። እማዬ ልጁን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋለች፤ አባዬ ጫማውን ያስራል፤ እኔ ጣሳዋን ከሳጥኑ አወጣሁ። ለታክሲ፣ ለካርድ፣ ለመድኃኒት 23 ብር ወጣ። ያን ሌሊት የማንንም በር አላንኳኳንም። ጎረቤቶቻችን ደጎች ነበሩ፤ ቢኖራቸው ይሰጡን ነበር። ነገር ግን የሰው ፊት እሳት ነው ይባላል። ያውም በእኩለ ሌሊት፣ ለእነሱም ወር አላደርስ ያለ ደመወዝ እንዳላቸው እያወቅሽ። ጣሳዋ መድኃኒቱን ገዛችልን፤ ያን እሳትም አስቀረችልን።

ከሁሉ በላይ በዓይኔ ላይ የቀረችው ግን የ1979 ጳጉሜ ናት።

ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ ስድስት ቀን ነበረች። የነሐሴ ደመወዝ ከተደለደለ ሳምንት ሊሞላው ነው። በሩፋኤል ዕለት ከሠፈሩ ልጆች ጋር ዝናቡ ውስጥ ስንዘል ውለን፣ ሁለት ቀን አልፎ ሐሙስ ማለዳ፣ እማዬ ለበዓሉ እንጀራ ልትጋግር ማድ ቤት ገባች። ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ አብሲቱ ተጥሏል። ምጣዱ ሦስቱ ጉልቻ ላይ ተጥዶ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይነድበታል። እኔ ቅጠል አቀባይ ነበርኩ። ሁለተኛውን እንጀራ አክንባሎ ደፍታበት ሳለ ምጣዱ ጮኸ። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ነው። አክንባሎውን ስታነሣው ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ወጥቷል፤ ሊጡ በስንጥቁ እሳቱ ላይ እየተንጠባጠበ ይንጫጫል።

እማዬ አልጮኸችም። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ቅጠሉን ከሥር እየሳበች አወጣች፤ እሳቱን አጠፋች። «የስንት ዓመት ምጣድ ነው» ብላ በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ጣሳዋን ከፈተች።

ቤታችን አፍንጮ በር ነበር። በሰሜን ማዘጋጃ አድርገን ወደ ቀጨኔ ወጣን። ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) የሚመሠረትበት ሰሞን ስለነበር መንገዱ ሁሉ በሰንደቅ ዓላማ አሸብርቋል። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች ሠፈር ነው። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ በየደጁ ተደርድሯል። ሠሪዋ ሴትዮ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። ያን ጊዜ ብዙ ሰው በእጃቸው ሥራ እየበላ ስማቸውን ያጎድፍ ነበር፤ እማዬ ግን «እንደምን አደሩ እናቴ» ብላ ጎንበስ አለችላቸው። አንዱን ምጣድ አንሥታ በአንድ እጇ ሥሩን ደግፋ፣ በሌላው ጣት አጥንቷ ዳር ዳሩን አንኳኳችና ጆሮዋን አስጠጋች። አስቀመጠችው። ሁለተኛውን አንኳኳች። «አዳምጪ» አለችኝ። «ጤነኛ ምጣድ ይጠራል። ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይታፈናል።» ሦስተኛው ጠራ። ስድስት ብር። በገለባ ጠቅልላ፣ በነጠላዋ አስራ እንደ ልጅ አዘለችውና ቁልቁለቱን ቀስ ብለን ወረድን።

ከሰዓት በኋላ አሟሸችው። በለስላሳ እሳት ላይ ጥዳው፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየነሰነሰች በጨርቅ ታሸዋለች፤ ጠርጋ እንደገና ትነሰንሳለች። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ቀይ ቡናማው ሸክላ ቀስ በቀስ ጠቆረ፤ አብረቀረቀ። የመጀመሪያዋ እንጀራ ተጣበቀች፤ ሁለተኛዋ ዳሯ ተቀደደ፤ ሦስተኛዋ ዓይኗ እንደ ማር እንጀራ ሆኖ ወጣ። በማግስቱ፣ በጳጉሜ 6፣ የበዓሉ እንጀራ ሞሰቡን ሞላ። እንቁጣጣሽ ዕለት የመጣው እንግዳ ሁሉ በላ፣ መረቀ። ምጣድ መሰበሩን ያወቀ አልነበረም።

ምጣዱን በገዛንበት ዕለት ማታ የሆነውን ነው ለልጆቼ ደጋግሜ የምነግራቸው። እማዬ ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ቀበሌ ውስጥ፣ ማታ ማታ ነው። በቤት ሥራ ደክማ፣ ወንድሜን አዝላ ተማረች። ያን ፊደል በምን ላይ እንዳዋለችው የሚያሳየው የጳጉሜ ደብተር ነው። አንድ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ በግራ በኩል «የወጣ»፣ በቀኝ በኩል «የተመለሰ» ይላል። ያን ማታ መብራቱ ሥር ተቀምጣ በተንጋደደ ፊደሏ ጻፈች፦ «ጳጉሜ 5። ምጣድ 6 ብር። ጎመን ዘር 50 ሳንቲም።» በቀኝ በኩል ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ የተጻፈ አለ፦ «ጥቅምት 3 ብር። ኅዳር 3 ብር ከ50። ሞላ።»

ገንዘቡ የራሷ ነው፤ ጣሳዋም የራሷ ናት። ስትወስድ ግን እንደተበዳሪ ትጽፋለች፤ ስትመልስም እንደባለዕዳ ትመልሳለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያታለሁ። «የራስሽን ዕዳ የማትከፍዪ ከሆነ የሰው ዕዳ ይመጣብሻል» አለችኝ።

ከዚያች ጣሳ ያየሁት ሥርዓት ይህ ነው። አንደኛ፣ ከደመወዝ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው የጳጉሜ ብር ነው። ሁለተኛ፣ ቀኑ ለሚታወቅ ነገር አይነካም። ፋሲካ ቀኑ ይታወቃል፤ የትምህርት ቤት መከፈቻ ይታወቃል፤ እነሱ ሌላ መዝገብ አላቸው። የጳጉሜ ብር የሚወጣው ቀኑን ሳይናገር ለሚመጣ ብቻ ነው፤ ለሚሰበር፣ ለሚያፈስ፣ ለሚታመም። ሦስተኛ፣ የወጣው ይመለሳል። አራተኛው ደግሞ ዘግይቶ የገባኝ ነው፤ እማዬ ጣሳዋን በብር አትለካትም ነበር። «ስንት አላት?» ስላት «ሁለት ምጣድ፣ አንድ የሌሊት ታክሲ፣ ሦስት ቆርቆሮ» ትለኛለች። በሐምሌ ዝናብ ጣራችን ቢያፈስ ስንት ቆርቆሮ እንደምትችል ታውቃለች። «የአንድ ወር ጤፍ ከተጨመረባት እንቅልፌን እተኛለሁ» ትል ነበር።

ያቺ የአንድ ወር ጤፍ በግንቦት 1983 አስፈለገች። ግንቦት 20 ማለዳ ከተማው በተኩስ ሲናወጥ በራችንን ዘግተን መሬት ላይ ተኝተን ነበር። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ሱቁ ተዘጋ፤ የተከፈተውም ዋጋ ጨመረ። የአባዬ ደመወዝ ያን ወር ዘገየ፤ ሥራው ይኑር አይኑር እንኳ አያውቅም ነበር። በጣሳዋ 112 ብር ነበር። እማዬ ግማሹን ለጤፍና ለሽሮ አወጣች። ከቀረው ላይ 15 ብር ቆጥራ፣ ባሏ ከጦር ግንባር ላልተመለሰላት ጎረቤታችን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወሰደችላት። ያቺን 15 ብር ደብተሩ ላይ አላገኘኋትም፤ አልጻፈቻትም።

እንግዲህ በዚህ ቤት ያደገች ልጅ ትዳር ስትይዝ ምን ታደርጋለች ትላላችሁ? እኔ አላደረግሁትም። ሥራ ያዝኩ፤ ባለቤቴም ይሠራል፤ የሁለታችን ደመወዝ ከአባዬ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። በየወሩ የተረፈውን እናስቀምጣለን አልን። በየወሩም አልተረፈም። የእማዬን ነገር የድህነት ዘዴ አድርጌ ቆጥሬው ነበር፤ ያለፈ ዘመን ነገር። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ብዙ የሚገባለት ቤት ብዙ የሚሰበር ነገር እንዳለው አልገባኝም ነበር።

በ1997 የተመዘገብንበት ኮንዶሚኒየም በ2001 ዕጣ ወጣልን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ያለንን ሁሉ አሟጠን 20 በመቶውን ቅድሚያ ክፍያ ከፈልን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው ቀለም ይፈልጋል፤ ለዚያም ተበደርን። ገብተን ጥቂት እንደቆየን፣ በኅዳር 2002፣ የመታጠቢያ ቤታችን ቱቦ ፈነዳ። ሥራ ቦታ ሆነን ውሃው ሲወርድ ውሎ የታችኛውን ቤት ኮርኒስና ፍራሽ አበላሸ። ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ለወለሉ፣ ለጎረቤቶቻችን ኮርኒስና ፍራሽ ሲደመር 4,200 ብር ሆነ። እጃችን ላይ 300 ብር እንኳ አልነበረም። የታች ቤቶቹ ሰዎች ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ግን ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ለማን እንደነገርኩ አላውቅም፤ እማዬ ሰምታ መጣች። አባዬ ያኔ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ የሚኖሩት በጡረታ አበሉና ልጆች በዓል በዓል በምንሰጣቸው ነው። ዘምቢሏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጎመኑን ወዲያ ወዲህ አደረገችና ከሥር ጣሳዋን አወጣች። ክዳኑ በማንኪያ እጀታ ተፈለቀቀ። መቶው፣ ሃምሳው፣ አሥሩ በየመልኩ ታስሯል። «ቁጠሪው» አለችኝ። 4,200 ብሩ ሲወጣ ከሥር የቀረው ጥቂት ነበር።

ማልቀስ ጀመርኩ። ስጦታ መስሎኝ ነበር።

«ይኼ ስጦታ አይደለም» አለች። «ከጳጉሜ የተበደርሽው ነው። በወር ስንት ትመልሻለሽ?»

«ሁለት መቶ» አልኳት።

ደብተሩን ከዘምቢሉ አወጣች፤ መነጽሯን አደረገች፤ ጻፈች።

ከታኅሣሥ 2002 ጀምሮ በየወሩ፣ ደመወዝ በተቀበልኩ ማግስት 200 ብር ይዤላት እሄዳለሁ። መጀመሪያ ላይ የቤት አስቤዛ ገዝቼ የተረፈውን ለማድረስ ሞከርኩ፤ ሁለተኛው ወር ላይ ጎደለ። «ጳጉሜ ትጠይቅሻለች» ብላ ደወለች እንጂ አልተቆጣችኝም። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የእሷን አነሣሁ። ሃያ አንድ ወር ከፈልኩ። የመጨረሻው የነሐሴ 2003 ሆነ። ያም ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር። በጳጉሜ ውስጥ ስሄድ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። «ሞላ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ጣሳዋን ከነገንዘቡ፣ ደብተሩን ከላዩ አድርጋ ወደኔ ገፋችው።

«አሁን ያንቺ ነው። ሁለት መቶ ብር ከደመወዝሽ ላይ ማንሣት ለምደሻል። እንዳታቋርጪው።»

ሃያ አንድ ወር ዕዳ እየከፈልኩ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት እየተማርኩ ነበር። አንዴ መክራኝ ቢሆን ኖሮ ሰምቼ እረሳው ነበር፤ በእጄ ሃያ አንድ ጊዜ ያደረግሁትን ግን እጄ አልረሳውም።

እማዬ በ2008 አረፈች። እድሩ ድንኳኑን ተከለ፤ እንዳለችውም ለሞት ደረሰ። የሐዘኑን ቀሪ ወጪ የሸፈነችው ጳጉሜ ናት። በሚቀጥሉት ወራት እየጻፍኩ መለስኩላት።

ከዚያ ወዲህ ጣሳዋ አዲስ ዓይነት ፈተና ገጥሟታል። መስከረም 2013 ላይ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ ጣሳዋን ዘርግፌ በሦስት ወሩ ጊዜ ውስጥ መለወጥ ነበረብኝ። ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ የታመመ ዘመድ የሚያስታምም ሰው ቀኑ ቢያልፍበትስ እያልኩ ስንቱን አሰብኩ። ገንዘብን ሁሉ ቤት ውስጥ መክተት የራሱ አደጋ እንዳለው ያን ጊዜ ገባኝ። የባሰው ደግሞ ኑሮ ውድነቱ ነው። የዋጋ ንረቱ 30 በመቶን ባለፈባቸው ዓመታት፣ ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። ጣሳ ውስጥ ያለው ብር ደግሞ ያቺንም አያገኝም። ውሃ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ሁሉ ብሩ ቁጥሩ ሳይጎድል ዋጋው ይሄዳል።

የእማዬ አራተኛው ሥርዓት የገባኝ እዚህ ላይ ነው። እሷ ዶላር ምን እንደሚመስል አታውቅም ነበር፤ በ1985 የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሲሄድ ግን በጣሳዋ ያለው ምጣድ ስንት እንደቀነሰ ታውቅ ነበር። በብር የሚለካ ሰው 4,200 ብር አለኝ ብሎ ይተኛል። በምጣድና በቆርቆሮ የሚለካ ሰው ግን እንደጎደለበት ወዲያው ያውቃል፤ አሥሩን ብር አሥራ አምስት ያደርጋል።

እኔም ዛሬ የማደርገው ይህንኑ ነው። በየዓመቱ በጳጉሜ ጣሳዋን እከፍታለሁ፤ የዘመኑን ዋጋ እጠይቃለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ማስቀየሪያ ስንት ነው? ሌሊት ወደ ሆስፒታል የሚወስድ መኪናስ? የቧንቧ ሠራተኛ የቀን ዋጋ? አንድ ወር የምታደርሰን ጤፍ? ደምሬ የጎደለውን አውቃለሁ። ገንዘቡን ሁሉ አንድ ቦታ አላደርገውም። ለአንዲት ክፉ ሌሊት የሚበቃው በእማዬ ጣሳ ውስጥ ነው፤ መብራት ጠፍቶ፣ ኔትዎርክ ተቋርጦ መድኃኒት መግዛት ሊያስፈልግ ይችላልና። ሌላው ባንክ ነው። ልጄ ደግሞ በስልኳ ቴሌብር ላይ ታስቀምጣለች። የቁጠባው አገልግሎት ስሙ «ሳንዱቅ» መሆኑን ስትነግረኝ የእማዬ ሳጥን ትዝ አለኝ። ዕቃው ይለወጥ፤ ሥርዓቱ ከተጠበቀ ግድ የለኝም።

አንድ ስሌት ልንገራችሁ። እማዬ ከ240 ብር ላይ የምታነሣው 10 ብር ነበር፤ ከ24 ብር አንድ ብር ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ካልተነካ 120 ብር፣ የግማሽ ወር ገቢ ይሆናል። ቤታችን በዚያ አንድ ብር ምክንያት ተርቦ አላደረም፤ በዚያ አንድ ብር ምክንያት ግን ስንት ሌሊት ሳይደነግጥ አድሯል። ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰውም ያደርገዋል። ጎረቤታችን እንጀራ ትሸጥ ነበር፤ በየቀኑ የአንዲት እንጀራ ዋጋ በመቀነቷ ትቋጥር ነበር። በእርግጥ ሃያ አራተኛዋ ብር የሌለችው ቤት እንዳለ አውቃለሁ። ለዕለት ጉርሱ ያልበቃውን ሰው አልወቅስም፤ ማናችንም ልንወቅሰው አይገባም። እየቻለ ነገ እጀምራለሁ ለሚለው ነው የምናገረው፤ እኔም እንዲያ ነበርኩና።

ያልታሰበ ወጪ እንላለን። እማዬ ይህን አባባል አትቀበለውም ነበር። ምጣድ ሸክላ ነው፤ ይሰበራል። ቆርቆሮ ይዝጋል፤ ያፈሳል። ልጅ ይታመማል። ያልታወቀው ቀኑ ብቻ ነው።

የ2019 ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች። አንድ ቀን ይጨመርባታል፤ ደመወዝ ግን አይጨመርባትም። ከዚህ ወር ደመወዛችሁ ላይ፣ ሌላው ሳይደለደል፣ ያቺን ሃያ አራተኛዋን ብር አንሡ።